ለአባዬ ቮልስ ቸርኬ ድልህ የመሰለ ቀይ ፍለጋ

ዘንድሮ ለገና ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ስገባ አንድ ሥራ ይዤ ነበር። የአባዬን ቮልስ ቸርኬዎች፣ ጎማው የሚገጠምባቸውን ብረቶች፣ ማስቀባት። ያለኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ የተገለገልኩባቸውን ባለሙያዎች ሥራ ልንገራችሁ። አሮጌ መኪና ላላችሁ፣ በተለይ ለአጭር ጊዜ ከውጭ ለምትመጡ፣ ይጠቅማችኋል።

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ናት፣ 1300 የሚባለው ዓይነት። ቦዲዋ ክሬም ነው። ቸርኬዋ 15 ኢንች፣ በአምስት ቡሎን የሚታሰር፣ ዙሪያውን ቀዳዳዎች ያሉት ነው። አባዬ በ1969 ዓ.ም. ሲገዛት ቸርኬው ግራጫ ነበር። ጥቁር ቀይ ያስቀባው እሱ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከሩቅ የምለያት በዚያ ቀይ ነበር። በኋላ ቀይው ሲደበዝዝና ሲዝግ አንድ ሰው ብርማ ቀለም ደፋበት። አባዬ ያንን ብርማ ቀለም አንድም ቀን አልወደደውም።

ጀርመን አገር ቀለም በቁጥር ይጠራል። ራል የሚባለው የቀለም መለያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1927 ጀምሮ አለ። እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋውን የራል ካርድ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ስፕሬይ ቀለም ግን ይዞ መምጣት አይቻልም፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ምርጫውን ይዤ መጥቼ ቀለሙን እዚህ ማስቀመም ነበረብኝ። ምርጫዬ 3005 ነበር፣ ወይን ጠጅ ቀይ። ፍራንክፈርት ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ መብራት ስር ሳየው በጣም አምሮኝ ነበር።

ግቢ ደርሼ ካርዱን ጎማው አጠገብ ስይዘው ግን ጥቁር ሆነ። ቸርኬ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ስር ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ጥላ ያርፍበታል። ቅርጹም ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ካርድ ላይ የሚያምር ጥቁር ቀይ እዚያ ሲገባ ቀይነቱ ይጠፋል። ይህን ባውቅ ኖሮ ከመጀመሪያው አንድ ደረጃ ፈካ ያለውን እመርጥ ነበር። 3003ን፣ ሩቢ ቀይ የሚባለውን፣ አጠገቡ ያዝኩ። እሱ ደግሞ ከክሬሙ ጋር ሲሆን ጮኸብኝ። 3011 ቡናማ ቀይ ነው፤ ጭቃ ይደብቃል፣ ግን ዝገት ይመስላል። መሃል ላይ 3004 ቀረ።

አባዬ ካርዱን አገላብጦ አየና "ቁጥሩን ተወው፤ ድልህ ነው የሚመስለው" አለኝ። ደረቅ በርበሬ ሳይሆን ድልህ። ከዚያ ወዲያ የምፈልገው ቀለም ምን እንደሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቀለም ቤት አላስደሰተኝም። ካርዱን ሰጠሁ፣ ልጁ በዓይኑ እያየ ቀመመ። ሱቁ ውስጥ ያለው ነጭ ፍሎረሰንት ብቻ ነው። እዚያ ሲታይ ልክ ይመስል ነበር። ቤት ወስጄ ቆርቆሮ ላይ ቀብቼ ፀሐይ ላይ ሳወጣው ደረቅ በርበሬ ሆኖ አገኘሁት። ብርቱካንማ ነገር አለበት። ተመልሼ ስነግራቸው "ካርዱ ነው ችግሩ" አሉኝ። ገንዘቤም አልተመለሰም። በጣም ከፋኝ፤ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ሳምንቴ አራት ቀን ነው የሄደብኝ።

ሁለተኛው ሰው መርካቶ ነው። ሙሉ ምስጋና የምሰጠው ለእሱ ነው። ካርዱን አየት አደረገና "ቸርኬውን ራሱን ለምን አታመጣውም ወንድሜ?" አለኝ። ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ አመጣሁት። ኮፓው፣ የቸርኬው መሃል ክዳን፣ ይሸፍነው የነበረውን ቦታ ሲያሳየኝ ሁለታችንም ዝም አልን። ብርማውን የደፋው ሰው ኮፓውን ሳያነሳ ነበር የቀባው። ኮፓው ይቀመጥበት ከነበረው ስር፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ መሃል፣ የአባዬ ቀይ ሳይነካ ተቀምጧል። ላዩ አቧራ ብቻ ነው። ጨርቅ ላይ ማወልወያ ቅባት ነክቶ የሳንቲም ያህል ቦታ አሸት አሸት አደረገ። የደረቀው ላይኛው ንብርብር ለቀቀና ከስሩ እርጥብ የሚመስል፣ የጠለቀ ቀይ ወጣ። ድልህ።

ከዚያ በኋላ ካርዱን አልፈለገውም። ትንሽ ትንሽ እየቀመመ፣ ቆርቆሮ ላይ እየነካ፣ እያደረቀ፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ከቸርኬው ጎን ያስቀምጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደግመዋል። አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ጥቁር ጠብታ ሲጨምር ትንፋሹን ይይዝ ነበር። በመጨረሻ የወጣው ከ3004 ትንሽ ሞቅ ያለ ነው። ለአምስት ቸርኬ፣ ትርፉን ጎማ ጨምሮ፣ አንድ ሊትር በቃ።

አንድ ነገርም አስተማረኝ። ቀይ ቀለም በደንብ አይሸፍንም፤ ከስሩ ያለው ያሳብቃል። ነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) ላይ ከተቀባ ይፈካል፣ ጥቁር ግራጫ ላይ ከተቀባ ይጠልቃል። የናሙናው ቆርቆሮና ቸርኬው አንድ ዓይነት ፕራይመር ካልተቀቡ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የሄድኩበት ቀለም ቤት ይህን ማንም አልነገረኝም።

ጎማ የፈታልን ጎሚስታ ሰፈራችን ነው። ፈጣን ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ለመፍታት ችግር የለበትም። ሲመልስ ግን አጠገቡ ቁሙ። የጎማ መፍቻ ብረቱ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር እንዳይነካካ አሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጠን አነጠፍንለት፣ እሱም ደስ ብሎት ተጠቀመበት።

ቀቢው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ በኮምፕረሰር ነው የሚሠሩት። ዝገቱን በማሽን እንዲያስለቅቁልኝ ብጠይቃቸው "የለም፣ ይሄ ብረት ይሳሳል" ብለው በእጃቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ቀን ፈጉት። ልክ ናቸው። የዚህ ቮልስ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ቆሟል፤ ደህና ቸርኬ በቀላሉ አይገኝም። ወሩ ደረቅ ስለሆነ አቧራው አስግቶኝ ነበር። ከመርጨታቸው በፊት ግቢውን በሙሉ ውኃ አርከፈከፉበት። ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ረጩ፣ ከዚያ ፊቱን፣ በስስ በስሱ ሦስት ጊዜ።

ቡሎን የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች በክብ ክብ ፕላስተር ሸፈኗቸው። እኔ ሳልጠይቅ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ቦታ ቀለም ከወፈረ ቡሎኑ ብረቱን ሳይሆን ቀለሙን ነው የሚጨብጠው። ቀለሙ ሲሰባበር ቡሎኑ ይላላል። ቢሸፈንም እንኳ ከታሰረ በኋላ ትንሽ ነድቶ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። እኛ ቦሌ ድረስ ነድተን ተመልሰን አጠበቅን፤ ከቡሎኖቹ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ሄደ።

ያስቸገረኝ ቀጠሮ ብቻ ነው። "ነገ ና" ሦስት ጊዜ ተባልኩ። ግን አንዱ ለገና በዓል ነው፣ አንዱ መብራት ስለጠፋ ኮምፕረሰሩ ቆሞ ነው። ስለዚህ ከውጭ የምትመጡ ሰዎች ቀለሙን በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ። ጎማ ከመመለሱ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። እኛ ስድስት ቀን ብቻ ጠብቀን አንዱ ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል ተላጠ።

የተረፈውን ቀለም መርካቶ ያለው ሰው በትንሽ ጠርሙስ አሽጎ ሰጠኝ። የተላጠችውን ቦታ አባዬ በቀጭን ብሩሽ ራሱ ነካት። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፎ "የቸርኬ ቀይ፣ ጥር" ብሎ ጻፈበትና መኪናዋ ውስጥ፣ ከክሪኩ ጎን አስቀመጠው።