«የህንድ አሾካ» እየተባለ ሐዋሳ ውስጥ የሚሸጠውን ዱቄት እንዳትገዙ

እህቶቼ፣ በቴሌግራም «የማህፀን ፍቱን መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጥ ቡናማ ዱቄት አለ። እባካችሁ አትግዙት። እኔ 3,800 ብር ከፍዬበታለሁ። ከብሩ በላይ የሚቆጨኝ ግን ያባከንኩት ሁለት ወር ነው።

የወር አበባዬ ዘጠኝ አሥር ቀን መቆየት ከጀመረ ሰነባብቷል። ሻጯ በስልክ «የኔ እህት፣ ማዮማም (የማህፀን እጢ) ቢሆን ያሟሟዋል፤ ሐኪም ቤት ለምን ትንገላቻለሽ?» አለችኝ። አመንኳት። አንድ ልጅ በባጃጅ ፒያሳ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ።

አሾካ የምር ያለ ዛፍ ነው። የሚበቅለው ህንድና ስሪላንካ ነው። በህንድ የባህል ሕክምና ቅርፊቱን ለበዛ የወር አበባ ይሰጡታል። ግን ቅርፊቱ ሲላጥ ሲላጥ ዛፉ ተመናምኗል። ስለዚህ እዚያው ህንድ ገበያ እንኳ የሌላ ዛፍ ቅርፊት በስሙ ይሸጣል። በተለይ ለግቢ ማሳመሪያ የሚተከለው፣ «ሐሰተኛው አሾካ» የሚሉት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ከረጢቱን አውጥቼ ፎቶውን አየሁት። እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ወደ ታች የተንዠረገገ ዛፍ። ሐሰተኛው ራሱ! እውነተኛው ዘርፈፍ ያለ ነው፤ አበባው ብርቱካናማና ቀይ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ በዘለላ ይፈካል። ከረጢቱን ገለበጥኩት። የአምራች ስም የለም። የተመረተበት ቀን የለም። የሚያበቃበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። ውስጡ ምን እንዳለ እስካሁን አላውቅም፤ ያንን ነው በየቀኑ ጠዋት ማታ በሞቀ ወተት ስጠጣ የከረምኩት።

ደሙ አልቀነሰም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይደልቅ፣ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አልትራሳውንዱ ማዮማ አሳየ፤ ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ወደ 7.8 ወርዷል። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «የደም መብዛት ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ዝም ተብሎ አይጠጣም» አለችኝ። አሁን የብረት ኪኒን እየወሰድኩ ነው።

ብሬን እንድትመልስልኝ ስጠይቃት ብሎክ አደረገችኝ።

ሰሞኑን ያው ፎቶ በሌላ ቻናል ወጥቷል። አሁን ደግሞ «ለነፍሰ ጡርም ይሆናል» የሚል ተጨምሮበታል። እርጉዝ እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ዛሬውኑ ደውሉላት።