በሉገር የሚፈርድ ልጅ፦ የ«ዘ ዴቭል ኦል ዘ ታይም» ልቦለድ ግምገማ

አሜሪካዊው ደራሲ ዶናልድ ሬይ ፖሎክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ያሳተመው «ዘ ዴቭል ኦል ዘ ታይም» የተሰኘው ልቦለድ ሦስት መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ በደቡባዊ ኦሃዮ ከሚገኘው የኖከምስቲፍ ሸለቆ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኮል ክሪክ ወደተባለች የገጠር መንደር እየተመላለሰ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርቪን ራስል ይባላል፤ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ አያቱ ያሳደገችው፣ ጸሎት የማይወድ፣ ዝምተኛና ቂም የማይረሳ ወጣት ነው። ሕግ ባልደረሰበት ወይም ደርሶም በተበላሸበት ገጠር ፍርዱን በገዛ እጁ የሚፈጽም ሰው በዚህ ዓይነቱ ልቦለድ የተለመደ ነው። የፖሎክን ሥራ ከብዙዎቹ የሚለየው ተበቃይ ከየት እንደሚመጣ ከሥሩ ጀምሮ ማሳየቱ ነው። እንከኑም እዚያው ተያይዞ ይገኛል፤ ተበቃዩን ያን ያህል አውቆት ሲያበቃ ሊፈርድበት ግን ልቡ አልጨከነም። ይህን ለማስረዳት ከታሪኩ ጥቂት መግለጥ ስለሚኖርብኝ፣ ምንም ሳያውቅ ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ቢመለስ ይሻላል።

መቅድሙ በ1957 ይጀምራል። በዚያን ጊዜ በሸለቆው የሚኖረው አራት መቶ የሚያህል ሰው ሲሆን፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም በሥጋ የተዛመደ ነው፤ ራስሎች ግን ባይተዋሮች ናቸው። ከጦርነት የተመለሰው አባት ዊላርድ ትንሹን ልጁን አስከትሎ ጫካ ውስጥ ወዳለው፣ መጸለያ አድርጎ ወደ ያዘው የወደቀ ግንድ ይወርዳል። ሁለቱ ተንበርክከው ሲጸልዩ የሚያልፉ አዳኞች ስለ ሚስቱ የብልግና ቃል ይሰነዝራሉ። ዊላርድ ይሰማል፤ ጸሎቱንም አያቋርጥም። ልጁ አባቱ እንደ ፈራ ያስባል። በዚያው ዕለት ግን ዊላርድ ልጁን በመኪና ይዞ ይሄድና ሰዎቹን ካሉበት አግኝቶ አንድ በአንድ ይቀጠቅጣቸዋል፤ ከዚያም ለልጁ ዋናው ነገር ትክክለኛውን ሰዓት መጠበቅ እንደሆነ ይነግረዋል። አርቪን ከአባቱ ጋር ካሳለፋቸው ቀናት ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ይህንን ነው። በቀልን ከአባት ፍቅር ለይቶ ማየት የማይችል ልጅ በጥቂት ገጾች ተሠርቶ አለቀ። ደራሲው ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ላይ ማስቀመጡ የመጽሐፉ ትልቁ የአሠራር ብልሃት ይመስለኛል፤ አርቪን ወደፊት የሚያደርገው ሁሉ ከዚህ ትምህርት የሚቀዳ ነውና።

ከመቅድሙ በኋላ ያሉት ምዕራፎች ወደ ኋላ ተመልሰው ዊላርድን ይከተላሉ። በሰለሞን ደሴቶች ሲዋጋ ቆዳው የተገፈፈና በመስቀል ላይ የተቸነከረ፣ ነፍሱ ገና ያልወጣ አሜሪካዊ ወታደር ማየቱ ከአእምሮው አልወጣለትም። ሚስቱ ሻርሎት በካንሰር ስትታመም እግዚአብሔርን በደም ለማባበል ይነሣል፤ በግንዱ ላይ የእንስሳት ደም ያፈሳል፣ ዙሪያውን በተከላቸው መስቀሎች ላይ በድን ይሰቅላል፣ ልጁንም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጸልይ ያስገድደዋል። ፖሎክ እዚህ ላይ የሚጽፈው ስለ ሃይማኖት በጥቅሉ ሳይሆን ስለ ግንዱ ነው፤ የረጋውን ደም፣ ከላይ የሚረግፈውን ትል፣ በግማቱ መካከል የተንበረከከውን ልጅ ያሳየናል። በመጨረሻ የልጁ ውሻ ሳይቀር መሥዋዕት ይሆናል። ሻርሎት ስትሞት ዊላርድ ራሱን ያጠፋል፤ አርቪንም ኮል ክሪክ ወደምትኖረው አያቱ ወደ ኤማ ይላካል።

የደራሲው አረፍተ ነገሮች አጫጭርና ደረቅ ናቸው። አሰቃቂውን ነገር የሚናገርበት ድምፅ ስለ ቁርስ ሲያወራ ከሚጠቀምበት አይለይም፤ አንባቢው የሚደነግጠውም በዚህ የተነሣ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ከባድ አይደለም፤ በንግግሮቹ ውስጥ ያለው የገጠር አነጋገርም በጥቂት ምዕራፎች ይለመዳል።

ፖሎክ ስለሚጽፈው አገር ያለው እውቀት ከሩቅ የተለቀመ አይደለም። በ1954 የተወለደው እዚያው ኖከምስቲፍ ሲሆን፣ ስሙ እንግዳ ቢመስልም ቦታው በእርግጥ አለ። ትምህርቱን አቋርጦ በሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ከሠራ በኋላ በቺሊኮቲ ከተማ ባለው የወረቀት ፋብሪካ በጉልበት ሠራተኛነትና በከባድ መኪና አሽከርካሪነት 32 ዓመት አገልግሏል። መጻፍ ለመማር የቆረጠው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ነበር፤ የሚያደንቃቸውን ደራስያን አጫጭር ልቦለዶች እንዳሉ በታይፕ እየገለበጠ አረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ተማረ። የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በትውልድ መንደሩ ስም የተሰየመው የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ፣ የወጣው በ2008 ነው። በልቦለዱ ውስጥ ሚድ የምትባለው፣ የተበላሸ እንቁላል የምትሸት የወረቀት ፋብሪካ ከተማ የቺሊኮቲ ጥላ ናት፤ ሽታው ከእንጨት ወረቀት ለማውጣት ከሚውለው የድኝ ውሁድ የሚመጣ በመሆኑ በዚያ የሠራ ሰው የሚፈጥረው ነገር አይደለም። በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ የሚኖሩ ወገኖቻችን መንገድ 23ን ይዘው ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ የሚደርሱት ወደዚሁ አገር ነው።

አርቪን ኮል ክሪክ ከደረሰ በኋላ ያለው ክፍል የመጽሐፉ እምብርት ነው። አያቱ ሌኖራ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅም ታሳድጋለች፤ አባቷ ሮይ እምነቱን ለማስመስከር ሸረሪት በራሱ ላይ የሚያፈስ ሰባኪ የነበረ ሲሆን፣ ሙት አስነሣለሁ ብሎ እናቷን ገድሎ የጠፋ ነው። አርቪን ሌኖራን እንደ ታናሽ እህቱ ይጠብቃታል፤ በትምህርት ቤት የሚያሠቃዩዋትን ልጆችም እንደ አባቱ ሰዓት ጠብቆ፣ ለየብቻቸው አግኝቶ ይቀጣቸዋል። በዚህ መሐል ፕሬስተን ቲጋርዲን የተባለ ወጣት ሰባኪ ወደ መንደሩ ይመጣል።

ቲጋርዲን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የምናውቀው ከስብከቱ ሳይሆን ከምግብ ገበታ ነው። ለአቀባበሉ ምእመናኑ ከየቤታቸው ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ ኤማ ያመጣችው የዶሮ ጉበት ነው። እሷ የምትችለው ያንን ነው። ሰባኪው ሳህኑን አይቶ፣ ሌላው ጥሩውን ሥጋ እንዲበላ ይህንን የድሃ ምግብ እኔ ልቻለው በሚል አነጋገር በሰው ፊት ያሸማቅቃታል። አንዲት አሮጊት ስታፍር፣ የልጅ ልጇ ያንን ኀፍረት ሲመዘግብ እናያለን። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልጮኸም፤ ሆኖም በመጽሐፉ ካሉት የደም ትዕይንቶች ብዙዎቹ የዚህን ያህል አያስቆጡም። በኋላ ቲጋርዲን ሌኖራን በጸሎት ስም አስቶ ያስረግዛታል፣ ይክዳታል፤ እሷም ሕይወቷን ታጣለች። አርቪን ከአባቱ የተረፈውን የጀርመን ሉገር ሽጉጥ ይዞ፣ ሰባኪው የሚሄድበትንና የሚያደርገውን አጥንቶ ሲያበቃ፣ ኃጢአቱን ሊናዘዝ እንደ መጣ ሰው ንግግር ይጀምራል። ንግግሩ እየቀጠለ ሲሄድ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ሰባኪው ይገባዋል። አንባቢ ጥይቱን ይመኛል፤ ሲተኮስ ግን አርቪን ሲረካ አናይም፣ እኛም አንረካም።

ለእኛ አንባቢ ይህ ቦታ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። በአገራችን ደጋ ደም መመለስ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከበቀሉ በፊትም ሆነ በኋላ ዘመድ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ካሳ አለ፣ እርቅ አለ። ገዳዩ ቢሸፍት እንኳ ተመልሶ የሚታረቅበት በር ፈጽሞ አይዘጋም። አርቪን ከዚህ አንዱም የለውም። ኤማ የሆነውን አታውቅም፤ በመንደሩ ሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ራሱ ሰባኪው ነው። ተበቃዩ ብቻውን ይወስናል፣ ብቻውን ይሸሻል።

መንግሥታዊው ሕግ ደግሞ በሸሪፉ በሊ ቦደከር መልክ ይመጣል። በአሜሪካ ገጠር ሸሪፍ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ነው፤ ቦደከርም ጉቦ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ ከሁሉ በላይ ግን ምርጫው የሚያስጨንቀው ሰው ነው። እህቱ ሳንዲ ከባሏ ከካርል ጋር በየበጋው በመኪና እየዞረች መንገደኞችን አሳፍራ ታጠምዳለች፤ ካርል «ሞዴሎች» እያለ የሚጠራቸውን ሰዎች ይገድላል፣ ፎቶግራፍም ያነሣቸዋል። ሸሪፉ የሚፈራው ወንጀሉን ሳይሆን የእህቱ ስም የሚያስቀርበትን ድምፅ ነው። ፖሎክ የሕግን መበላሸት በአንድ ሰው የምርጫ ስሌት ውስጥ ማሳየቱ ግሩም ነው።

ቅሬታዬ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አርቪን ከኮል ክሪክ ሲሸሽ በመንገድ የሚያገኘው መኪና የካርልና የሳንዲ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚያሳድደው ደግሞ ወንድሟ ነው። በሁለቱም ጊዜ አርቪን ሳይቀድሙት ለመቅደም ይተኩሳል፤ ማለትም ሕይወቱን ያድናል። አስቦና አጥንቶ፣ ፈርዶ የገደለው ቲጋርዲንን ብቻ ነው። ደራሲው ከዚያ በኋላ ክፉዎቹን ሁሉ በየተራ ወደ ወጣቱ ሽጉጥ አፈ ሙዝ ያመጣለታል፤ ስለዚህም ቀዳሚው ግድያ የሚያስነሣው ጥያቄ በኋለኞቹ ይድበሰበሳል። ቲጋርዲን ሚስት አለችው። እሷ ምን ሆነች? ኤማ እውነቱን ብታውቅ ምን ትል ነበር? አርቪን በሌላ፣ ከቲጋርዲን ባነሰ ጥፋተኛ ላይ ቢፈርድ ኖሮ ከአባቱ ግንድ የሚለየው ምን ይሆን ነበር? መጽሐፉ እነዚህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በእጁ ነበር፤ ግን አጋጣሚውን በአጋጣሚ ላይ እየደራረበ አለፋቸው። አጋጣሚዎቹ ዕጣ ፈንታን ለማሳየት ሆን ተብለው የተቀመጡ ናቸው የሚል አንባቢ አለ፤ በእኔ ግምት አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ግን የደራሲው አድልዎ ነው።

ሴቶቹም የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም። ሻርሎት ትታመማለች፣ ሌኖራ ትታለላለች፤ የሁለቱም ሞት በዋናነት የሚያገለግለው የወንዶቹን እጅ ለማንቀሳቀስ ነው። ለየት የምትለው ሳንዲ ናት፤ ድካሟ፣ ከባሏ ለመለየት ያላት ያልተቋጨ ሐሳብና በወንጀሉ ውስጥ ያላት ድርሻ አብረው ስለሚቀርቡ፣ ልንጠላትም ልናዝንላትም እንቸገራለን።

አንቶኒዮ ካምፖስ ያዘጋጀውና ኔትፍሊክስ በመስከረም 2020 ያቀረበው ፊልም ታሪኩን በሁለት ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይተርካል። ቶም ሆላንድ አርቪንን፣ ሮበርት ፓቲንሰን ሰባኪውን ሆነው ይጫወታሉ፤ ተራኪው ራሱ ፖሎክ ሲሆን፣ ያ ደረቅ ድምፁ ለጽሑፉ የተፈጠረ ያህል ይስማማዋል። የጉበቱ ትዕይንትም በፊልሙ በሚገባ ተሠርቷል። ጉድለቱ የሮይን ታሪክ አለመጠን ማሳጠሩ ነው። በመጽሐፉ ሮይ ሚስቱን ከገደለ በኋላ ከአካል ጉዳተኛው የሙዚቃ ባልደረባው ከቴዎዶር ጋር ለዓመታት ይንከራተታል፤ በትርኢት ቡድን ውስጥ ይሠራል፣ ይዋረዳል፣ ይጸጸታል፣ በመጨረሻም ልጁን ለማየት ጉዞ ይጀምራል። ከነፍሰ ገዳዮቹ አንዱ በእውነት ንስሐ የገባበት ክፍል ይህ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ግን ይህን ሁሉ ዘልሎ ሮይን ቶሎ ከመንገድ ያስወግደዋል።

ስለዚህ ፊልሙን ያየ ሰው ታሪኩን ጨርሻለሁ ብሎ መጽሐፉን ባይተወው እመክራለሁ፤ የሮይና የቴዎዶር ምዕራፎች ብቻቸውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣሉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚመርጥ መጽሐፉን ይያዝ። በእንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔን፣ የካንሰር ታማሚን የመጨረሻ ቀናት ወይም በሃይማኖት ስም የሚደርስ ጥቃትን ማንበብ የሚከብደው ሰው ግን የመጀመሪያው ክፍል ከሁሉ የከበደ መሆኑን አውቆ ይግባበት፤ ፖሎክ በዚያ ክፍል ለአንባቢው አንዲትም የመተንፈሻ ገጽ አይሰጥም።