ረግቶ መሳሳብ ወይስ እየተጫወቱ መንቀሳቀስ?

ሰውነትን ለማላላት ሁለት መንገዶች በብዛት ይታወቃሉ። አንደኛው ጡንቻን ስቦ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት ነው። ሌላው በመዳህ፣ በመንከባለልና ሚዛንን በመጠበቅ ጨዋታ መለማመድ ነው።

ረግቶ መሳሳብ ቀላል ነው፤ ሰፊ ቦታ አይጠይቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ለውጥ ግን በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓቱ መወጠርን መታገሥ ስለለመደ ነው። ከሩጫ ወይም ከዝላይ በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ስቦ መያዝ ደግሞ ለጊዜው ኃይሉን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል።

ልዩነቱን በራስዎ ይመልከቱት። በጀርባዎ ተኝተው አንድ እግርዎን ቀጥ እንዳለ በፎጣ ወደ ላይ ይሳቡ። ከዚያ ፎጣውን ቀስ ብለው ይልቀቁና እግሩን እዚያው ለማቆየት ይሞክሩ። አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል! ያ ክፍተት ሰውነት በእርዳታ የሚደርስበት፣ ግን ገና በራሱ ኃይል የማይቆጣጠረው ቦታ ነው። ጨዋታ የሚሞላው ይህንኑ ነው። ኳስ እየተቀባበሉ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን በአንድነት ያሠራል፤ ሰውም ሳይሰለች ይደጋግመዋል።

ስለዚህ እኔ ጨዋታውን አስቀድማለሁ፤ ልምምድ ቶሎ ለሚያሰለቻቸው ሰዎች ደግሞ አጥብቄ እመክረዋለሁ። ሆኖም ሁለት እግርን ዘርግቶ መሬት እንደ መንካት ያለ የተለየ ግብ ያለው ሰው መሳሳቡን መተው የለበትም። የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን ሁለቱንም ወዲያውኑ ማቆም ይገባል።