አጥንት የሚሞላው የሴራሚክ ፍርፋሪና የዚርኮኒያ ኢምፕላንት፦ ከተጠቀምኩባቸው በኋላ

ታች በግራ በኩል የነበረው መንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ በኋላ ሁለት ነገር ተደርጎልኛል። መጀመሪያ አጥንት የሚሞላ የሴራሚክ ፍርፋሪ፣ ከወራት በኋላ የዚርኮኒያ ኢምፕላንት፣ ማለትም በጥርስ ስር ፋንታ አጥንት ውስጥ የሚተከል የሴራሚክ ምሰሶ። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ኢምፕላንቱ ነው። ነጭ ነው፣ ያምራል። እኔን ያስገረመኝ ግን ፍርፋሪው ነው።

ጥርስ ሲነቀል ስሩን ይዞ የነበረው አጥንት ስራ ስለሚፈታ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ይሄዳል። ጥርስ ከነቀላችሁ ከቆያችሁ ድዳችሁን ዳበስ አድርጉት፣ ጎድጎድ ያለው እሱ ነው። ኢምፕላንት ደግሞ የሚይዘው አጥንት ይፈልጋል። ሐኪሟ ፍርፋሪውን ስታሳየኝ በደንብ ያልደቀቀ ጨው ነው የመሰለኝ። ከራሴ ደም ጋር ስትለውሰው ወዲያው መጠጠው፣ ቀላ፣ እርስ በርሱ ተያያዘ። በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ነው፤ የደም ስሩም አዲሱም አጥንት የሚገቡት በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው።

የኔ ድብልቅ ነበር፤ 60 በመቶ ሃይድሮክሲአፓታይት፣ 40 በመቶ ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት። ሁለቱም ካልሲየም ፎስፌት ናቸው፣ የአጥንታችን ማዕድንም የዚያው ዘመድ ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ትራይካልሲየም ፎስፌቱ ቶሎ እየሟሟ ቦታውን ለአዲስ አጥንት ይለቃል፣ ሃይድሮክሲአፓታይቱ ደግሞ ለዓመታት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ አንዱ ሲሄድ ሌላው ቦታው እንዳይደረመስ ይጠብቃል። በጣም የወደድኩት ይህንን ነው።

ቅሬታም አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ምላሴ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ሁለት ሦስት ፍሬ አገኘሁ፤ ሁሉም ሊወጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ለካ ጥቂት ፍሬ መውጣቱ የተለመደ ነው። አስቀድሞ መንገር ምን ይከብዳል? ክሊኒኩ እጁ ጥሩ ነው፣ ማስረዳት ላይ ግን ደካማ።

ከስድስት ወር በኋላ ኤክስሬይ ተነሳሁ። ጉድጓዱ ሞልቷል፣ ያልሟሟው ፍርፋሪ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል።

ወደ ዚርኮኒያው ልምጣ። ሴራሚክ ሲባል ወድቆ የሚሰበር ሲኒ ነበር ትዝ የሚለኝ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ስንጥቅ ሲጀምረው ጫፉ አካባቢ ያሉት ክሪስታሎች ቅርጻቸውን ቀይረው በትንሹ ያብጡና ስንጥቁን ከሁለት ወገን ይጫኑታል። እነ ጋርቪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንን ሲያሳዩ ከብረት ጋር ነበር ያነጻጸሩት። ድዴም ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ይዞታል፣ አይቀላም፣ አይደማም።

ችግሩ የኔ አንድ ወጥ መሆኑ ነው፤ ስሩና አናቱ አይነጣጠሉም። አጥንቱ እስኪይዘው ድረስ አናቱ ከድዱ ወጥቶ ይቆያል፣ ስለዚህ ለወራት በዚያ በኩል ማኘክ የለም። ሲተከል ትንሽ ዘመም ካለ በኋላ ማቃናት ከባድ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ዚርኮኒያም አለ፣ ጠይቁ። የብረቱ ኢምፕላንት፣ ታይታኒየም፣ ደግሞ ስዊድናዊው ተመራማሪ ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ ከተከለ ወዲህ ብዙ የተፈተነ ነው፣ ዚርኮኒያ ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ቀጭን ድድ ላለው የፊት ጥርስ ዚርኮኒያ ይሻላል፣ ግራጫ ጥላ አይታይበትም። ማንም ለማያየው መንጋጋ ግን ዛሬ ቢሆን ታይታኒየም ነበር የማስተክለው።

ፍርፋሪውን ግን ደግሜ አስደርገዋለሁ። ከምን እንደተሠራ፣ የቱ ቶሎ እንደሚሟሟ፣ ስንት ወር እንደሚጠበቅ ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ። በዚያ በኩል ማኘክ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ምላሴ በድዱ ሲያልፍ ያ ጎድጓዳ ቦታ የለም።