አዲሱ ትራፓኖዬ ለምን አልበሳ አለ?

መጋረጃ እሰፋለሁ። ስፌቱ የእኔ ነው፤ ብረቱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅልልኝ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ሰቃዩ ቀጠሮ ሲያፈርስ መጋረጃው ደንበኛዬ ቤት እንደታጠፈ ይከርማል። ቀሪ ክፍያዬም አብሮ ይከርማል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ ተክለ ሃይማኖት ወርጄ የራሴን ትራፓኖ፣ ማለትም የግድግዳ መብሻ ማሽን ገዛሁ። 750 ዋት፣ እስከ 13 ሚሊ ፑንታ (የሚበሳው ብረት) የሚይዝ፣ መምቻ ያለው፣ ከነፑንታዎቹ በሳጥን 6,200 ብር። የማርኩንም የሱቁንም ስም አልጠራም፤ የገጠመኝ ነገር ማንኛውንም ማርክ ሲገዙ ሊያጋጥም ይችላልና።

ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ አሽከረከረልኝ። «ድምፁን ስሚው እህቴ» አለኝ። ሰማሁት። ያማረ ድምፅ ነበር። ደረሰኜን ተቀብዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደንበኛዬ አንዲት እናት ናቸው። ከመስኮቱ በላይ ምልክት አድርጌ ፑንታውን አስጠጋሁ። ቀለሙንና ልስኑን ወዲያው አለፈ። ከዚያ ቆመ። ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ግን ወደ ውስጥ አይገባም። ተጫንኩት። ድምፁ እየወፈረ መጣ፤ የሞቀ ሽቦ ሽታም ሸተተኝ። አወረድኩት።

«ተይው ልጄ፣ ነገም ቀን ነው» አሉኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘቡን ያነሳሁት ለልጄ ትምህርት ቤት ካስቀመጥኩት ላይ ነበር።

በማግስቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ ማሽኑን አንድ በአንድ አየሁት። ላዩ ላይ የምትንሸራተት ቁልፍ አለች፤ በአንድ በኩል የፑንታ፣ በሌላው የመዶሻ ስዕል ያለባት። መዶሻው ላይ አድርጌያታለሁ ብዬ ነበር። ለካ መሃል ላይ ቀርታለች። አዲስ ስለሆነች ጠንከር ትላለች፤ ቀጭ እስክትል መግፋት ያስፈልጋል። ከመጫኛው አጠገብ ደግሞ የአዟዟሩን አቅጣጫ የምትቀይር ሌላ ቁልፍ አለች። አር ወደ ቀኝ፣ ኤል ወደ ግራ ነው። ወደ ግራ የሚያዞሩት ብሎን ለመፍታት ነው፤ ለመብሳት ወደ ቀኝ ካልዞረ ፑንታው አይነክስም። እሷ ትክክል ነበረች። ፑንታውንም አየሁ፤ ጫፉ ላይ እንደ ጦር ሰፋ ያለ ጠንካራ ብረት የተበየደበት፣ የግድግዳው ነው። እሱም ትክክል ነው።

ታናሽ ወንድሜ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቴስተሩን ይዞ አብሮኝ ወደ እናትየው ቤት ሄደ። እንደ ትናንቱ ወጥ ቤት እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ወንድሜ ገና ሳይነካው «መጀመሪያ ሶኬቱን ልየው» አለ። 184 ቮልት። እናትየውን አስፈቅዶ ምጣዱን አጠፋ። 211 ሆነ።

ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የእኔን ትራፓኖ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የትራፓኖው ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁም በላይ ይወርዳል። ያኔ ሰው የሚያደርገው መጫን ነው። እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። መጫን ግን ሞተሩን ያዘገየዋል። ማቀዝቀዣው እዚያው ሞተሩ ላይ አብሮ የሚዞር ማራገቢያ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲዘገይ ንፋሱም ይቀንሳል። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው። ሳሎኑ ድረስ የዘረጋሁትንም ቀጭን ዲቫይደር ወንድሜ አነሳና ከቅርቡ ሶኬት ሰካልኝ።

ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ አስደመጠኝ። ከመስኮቱ ጎን ባዶ ድምፅ፤ ብሎኬት ነው። ከመስኮቱ በላይ ድፍን ድምፅ፤ በፌሮ የታሰረ ኮንክሪት ነው። መጋረጃ የሚሰቀለው ደግሞ ሁልጊዜ ከመስኮት በላይ ነው! የእኔ ዓይነቱ ትራፓኖ ውስጥ የሚመታው ጥርስ ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች እየተፋተጉ ነው። ምቱ ፈጣን ነው፤ ግን ቀላል ነው። ለኮንክሪት ተብሎ የተሠራው ከባዱ ማሽን ሌላ ነው። ውስጡ በታመቀ አየር የሚገፋ ፒስተን አለው፤ ፑንታውም ጭራው ላይ ቦይ ያለበት ለብቻው የተሠራ ነው። በእኔው ኮንክሪት አይበሳም ማለት አይደለም። በቀጭን ፑንታ፣ እያረፉ፣ ዱቄቱን እያወጡ ነው። ከገባ በኋላ ድንገት እምቢ ካለ ፌሮ አግኝቷልና ቦታ መቀየር ነው።

እንደዚያ አደረግን። ሁለት ቀዳዳ በሰላም በሳሁ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ሦስተኛው ላይ ማሽኑ መቆራረጥ ጀመረ። ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። በጎኑ ባሉት የአየር ማስገቢያ ክፍተቶች ሳየው ውስጡ ረዘም ያለ ቢጫ እሳት ዙሪያውን ይሄዳል። ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነገር ነው፤ ይህ ግን ያ አልነበረም። ወንድሜ ወዲያው ከሶኬት ነቀለው። «ይሄ የቮልቴጅም የግድግዳም አይደለም» አለ። «እንዳትከፍቺው። እንዳለ ውሰጂላቸው።»

ሱቁ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ የጠበቅኩት ነበር። «ቮልቴጅ ነው እህቴ፣ የእኛ ዕቃ እንዲህ አይሆንም።» ሰክቶ አየር ላይ አዞረው፤ በደንብ ዞረ። ደረሰኜን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በቮልቴጅ ያየነውን ሁሉ በቁጥር ነገርኩት። ከዚያ «እስቲ እንጨት ላይ ተጫነው» አልኩት። አንድ ቁራሽ ጣውላ አመጣ። ተጫነው። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ተቆራረጠ። ሰው ፊት ሆነ።

ከጀርባ የሚጠግን ልጅ ተጠራ። በማሽኑ ጎንና ጎን ያሉትን ሁለት ክብ ክዳኖች በካቻቢቴ ፈታ። ከእያንዳንዱ ሥር በስፕሪንግ የሚገፋ አንድ ካርቦን አለ፤ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። የግራው ስፕሪንግ ጠርዙ ላይ ተጣሞ ካርቦኑን አጋድሞታል። «ተመልከቺው እትዬ፣ ሲገጠም ነው የተጣመመው» አለኝ። ማሽኑ ሲጫኑት ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ካርቦኑ ይለቃል። አየር ላይ ሲዞር ያልታወቀው ለዚህ ነው። ሁለቱንም በአዲስ ቀየረልኝ፤ አንዱ ብቻ አይቀየርም አለኝ። ካርቦኑ ቦታውን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ያለ ሥራ አዞረው። ገንዘብ አልጠየቁኝም።

እውነቱን ለመናገር ሻጩ ላይ ቅር ብሎኛል። ቮልቴጅ ያለው ውሸት ሆኖ አይደለም። ቮልቴጁም ነበረ፣ የቁልፏም ነበረ፣ የካርቦኑም ጉድለት ነበረ፤ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሮጬ ሄጄ ቢሆን ኖሮ በቮልቴጅ ተመልሼ እቀር ነበር። ሌሎቹን አጣርቼ ስለሄድኩ ነው የቆምኩት። ጠጋኙን ልጅ ግን አመሰግነዋለሁ። ማሽኑን ሲፈታ እያሳየኝና እያስረዳኝ ነበር። ለደንበኛ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ አይገኝም።

ትራፓኖው አሁን እንዴት ነው? ስድስት ሳምንት ሆነው፤ 14 መስኮት ሰቅዬበታለሁ። ለብሎኬት በጣም ጥሩ ነው። ብሎኬት ላይ መዶሻውን አጠፋዋለሁ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ምቱ ከጀርባ ይሰብረዋልና ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) አይይዝም። ለኮንክሪት ይችላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ብዙ መስኮት ያለበት አዲስ ሕንፃ ሲሆን ከባዱን ማሽን በቀን እከራያለሁ። በሳጥኑ የመጡትን ፑንታዎች አልወደድኳቸውም፤ ከሦስት ቤት በኋላ ደነዙ። የ6 እና የ8 ሚሊ ለብቻ ገዛሁ። የሽቦው ማጠርም ያስቸግራል፤ መሰላል ላይ ስወጣ ስፒናው ይነቀላል። ጥልቀት የሚለካው ዘንግ እየላላ ይንሸራተታል፤ እሱን ትቼ ፑንታው ላይ ፕላስተር እጠቀልላለሁ።

እናትየው ቤት ሦስቱም መስኮቶች ተሰቅለዋል። የመጨረሻውን ስበሳ ምጣዱን ራሳቸው አጥፍተው ነው የጠበቁኝ።