ስድስት ቅዳሜዎች በወላጆች ሥልጠና

ባለፈው ክረምት እኔና ባለቤቴ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማዕከል የትንንሽ ልጆች ወላጆችን ለማሠልጠን ያዘጋጀውን ትምህርት ተከታትለናል። ትምህርቱ ለስድስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሁለት ሰዓት ያህል የሚሰጥ ሲሆን፣ ለሁለታችን 4,500 ብር ከፍለናል። ጉድለቱንም ስለምናገር የማዕከሉን ስም አልጠቅስም።

የሥልጠናው ትልቁ ጥንካሬ ከራሳችን አፍ የሚወጣውን እንድንሰማ ማድረጉ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሠልጣኟ ልጆቻችንን ዝም ለማሰኘት የምንናገረውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት እንድንመዘግብ አዘዙን። «ጅቡ መጣልህ»፣ «ለፖሊስ ነው የምሰጥህ»፣ «መርፌ ነው የማስወጋህ» የሚሉትን በእጄ ስጽፍ አፈርኩ። የሦስት ዓመት ተኩል ልጄ ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር ነጭ ጋውን ገና ከሩቅ ሲያይ እየጮኸ ቀሚሴ ሥር ይወሸቅ የነበረው፣ መርፌ ቅጣት እንደሆነ ያስተማርነው እኛው ስለሆንን ነበር። በማስፈራሪያው ፋንታ የተሰጠን ዘዴ የሚሆነውን ነገር አስቀድሞ በእውነት መንገር ነው፤ «ትንሽ ያምሃል፣ እኔ እይዝሃለሁ፣ ከዚያ ቤታችን እንሄዳለን» ማለት። አልፎ አልፎ አሁንም ያለቅሳል፤ መደበቁን ግን ትቷል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ልጆችን በቤት ሥራ ስለማሳተፍ ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ልጅን ከማድ ቤት ማራቅ ይቀናናል፤ አሠልጣኟ ግን ራት ቢዘገይም ልጁ ያቡካ ባይ ናቸው። ቤት እንደደረስኩ ለትንሹ ልጄ ሰፌድ ላይ ድፍን ምስር አፍስሼ ጠጠር እንዲለቅም ሰጠሁት። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ያገኘውን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ እያስቀመጠ፣ «ይሄስ ጠጠር ነው?» እያለ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነሣ ቆየ። ስልክ ካልያዘ አይቀመጥም የምንለው ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ መምከሩን ቀድሞም አውቅ ነበር፤ ስልኩን ከእጁ ስወስድ በምትኩ ምን እንደምሰጠው ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ስለ ቅጣት የተሰጠው አምስተኛው ክፍለ ጊዜ በጣም ደካማው ነበር። አንድ አባት «እኛስ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» ብለው ከልብ ሲጠይቁ፣ የተሰጣቸው መልስ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 መጥቀስ ብቻ ሆነ። አንቀጹ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ የሚደነግግ ነው፤ ማታ ደክሞት ቤቱ ለገባና እጁ ለተነሣ አባት ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ያ ጥያቄ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይገባው ነበር።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ትምህርቱ ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚይዘውን ሰው መርሳቱ ነው። እኔና ባለቤቴ ከሥራ የምንመለሰው አመሻሽ ላይ ነው፤ ልጆቹን የሚያበላው፣ የሚያስተኛውና ሲያለቅሱ የሚያባብለው አያታቸውና የቤት ሠራተኛችን ናቸው። እኛ ማታ ማስፈራራት ብናቆም፣ እማማ ምሳ ለማብላት አያ ጅቦን ቀን ላይ ይጠሩታል። ከእርሳቸው ጋር በጉዳዩ ለመነጋገር ድፍረት የሚጠይቅ ሆኖብኝ ሁለት ሳምንት ፈርቼ ቆይቻለሁ፤ በመጨረሻ ራሳቸው ምስር ለቀማውን አይተው፣ አሁን ቡናውንም ሳይቆሉ በፊት ከልጁ ጋር ይለቅማሉ። ይህ የሆነው ግን በሥልጠናው ሳይሆን በእርሳቸው ቅንነት ነው።

ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ያላችሁ ባልና ሚስት አብራችሁ ብትሄዱ ገንዘባችሁ አይባክንም፤ አንዳችሁ ብቻ ከሄዳችሁ ግን ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕግ ይሆናል። ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ላላችሁ የሚሆን ነገር እምብዛም የለውም። በመጨረሻው ቀን በተሰጠን የአስተያየት ወረቀት ላይ፣ ከስድስቱ ቅዳሜዎች አንዱ ለአያቶችና ለሞግዚቶች በነፃ ክፍት እንዲሆን ጠይቄያለሁ።