ደሴ ላይ ዘፈን ማስጫን፦ ጥራቱ ጥሩ፣ ፎልደሩ ጎዶሎ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ላይ ዘፈን ከሚጭኑት ሱቆች አንዱ ሥራውን ያውቃል። ከመጫኑ በፊት ፍላሹን ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ያደርገዋል። ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ኤክስፋት በተባለው አዲሱ አደረጃጀት ስለሚሸጥ የቆየ የመኪና ቴፕ አያነበውም፤ ሾፌሮች «ተበላሸ» ብለው የሚመልሱት በዚሁ ነው። 8 ጊጋ ላይ በሰከንድ 320 ኪሎቢት (ከፍተኛው የኤምፒ3 ጥራት) 600 ያህል ባለ አምስት ደቂቃ ዘፈን ይገባል። እዚህ ሱቅ 320 ሲሉ የእውነት 320 ነው። ጥራቱ ዝቅ ካለው 128 የተለወጠ ከሆነ ጭብጨባው ያጋልጠዋል፤ እያንዳንዱ ምት ጥርት ማለቱ ይቀርና እንደ ዘይት መጥበሻ ይንሿሿል።

የወሎው ፎልደር በቅኝት ተከፍሏል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ፈላጊ አይቸገርም። አልፎ አልፎ ትዝታ ማይነር አምባሰል ውስጥ ገብቷል፤ የትዝታ ማይነር ድምፆች ከአራተኛው ተነሥተው ቢደረደሩ አምባሰልን ስለሚሰጡ ይህ ስሕተት ይታለፋል።

የማይታለፈው ሌላ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም ደሴ ከገባ ወዲህ የትግርኛው ፎልደር ወጥቷል፤ ከፕሪቶሪያው ስምምነት (ጥቅምት 2015) በኋላም አልተመለሰም። ከተማዋ ካየችው መከራ አንጻር የባለሱቁን ስሜት መረዳት አያቅትም። ግን በቋንቋ ሲጠረግ የራያው ዘፈንም አብሮ ሄደ። በቆቦ በኩል አንድ ጭፈራ ውስጥ አማርኛና ትግርኛ ይፈራረቃሉ፤ ይህን በየትኛው ወገን ሊያስቀምጡት ነው? በአንጻሩ ቀረርቶውና የዘመቻው ዘፈን «ምርጥ ጭፈራ» ውስጥ ከሙሽራ ዘፈን ጋር ተደባልቋል። ሻፍል (ዘፈኑን ያለ ተራ የሚያጫውተው) ላይ ከሆነ ሙሽራዋ ስትገባ የተኩስ ድምፅ ሊቀድማት ይችላል።

በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ.፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ሰሞን፣ የዌልሱ ካርዲፍ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የሩሲያዊውን አቀናባሪ የቻይኮቭስኪን ሥራዎች ከኮንሰርቱ ሲያወጣም እንዲሁ ነበር። መድፍ የሚሰማበት 1812 ኦቨርቸር ላይ ቢቆም ያስኬድ ነበር፤ ሲምፎኒው ግን አብሮ ተጠረገ። መለየት ያለበት ዘፈኑ ለምን እንደተሠራ እንጂ የማን ቋንቋ እንደሆነ አይደለም። የማንም ወገን ይሁን፣ የዘመቻ ዘፈን ለብቻው ፎልደር ይሰጠው፤ የሰርግና የፍቅሩ ዘፈን ይመለስ።

እስከዚያ የራያ ጭፈራ የሚፈልግ በሌላ ፍላሽ ይዞ ቢሄድ ይቀዱለታል። ብዙ ርካሽ ቴፖች በተቀዳበት ተራ ስለሚያጫውቱ መጀመሪያ የሚፈለገውን መጀመሪያ ማስቀዳት ነው።